እትዬ ምናልባት ቀለል ብላ የተጓዘች ጊዜ

እትዬ ምናልባት ለሁለት ቀን ጉዞ የቤቷን በር ነቅላ ይዛ ሄደች ተብሎ ይወራል። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ የሰፈሩ ወሬ በሙሉ በመቀሴ ሥር ነው የሚያልፈው፤ ይቺንም በየዓይነቱ ሰምቻታለሁ። አንዱ ደንበኛዬ በሩ የእንጨት ነው ይላል። ሌላው የብረት ነው ብሎ ይምላል። አንዱ ደግሞ ግማሽ ጺሙን ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ፣ «ከነመቃኑ ነው እንጂ! በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት!» ብሎ ከወንበሩ ሊነሳብኝ ሲል ትከሻውን ተጭኜ አስቀመጥኩት። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ሆኖ የሚዋሽ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ውሸት ነው። እትዬ ምናልባት በር ይዛ አልሄደችም። ይዛ የሄደችው የበር መቀርቀሪያ ነው። እርግጥ ከነብሎኑ። እርግጥ ከነመፍቻው። «የእንግዳ ማረፊያው በር ምናልባት አልዘጋ ቢልስ?» ብላ ነው። በሩም አልዘጋ አለ። መቀርቀሪያውን የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ዘግቼ ለጥ ብዬ የተኛሁትም እኔው ነኝ። ይህን የመጨረሻውን ክፍል ግን ፀጉር ቤት ውስጥ ተናግሬ አላውቅም። ወሬ ያለ በር አይጣፍጥማ።

እንደሷ ያለች ሴት የሌለችበት ዘመድ አዝማድ የለም። የለችኝም የሚል ካለ፣ ወይ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም፣ ወይ የያዘችለትን ሲበላና ሲለብስ ኖሮ ልብ አላላትም።

የኛዋ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ዛሬ ከቀበሌ መታወቂያዋ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሥራዋ ትምህርት ቤት ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። በሽቦ በተከለለች አንዲት መስኮት በኩል ጠመኔ ስትሰጥ፣ መጥረጊያ ስትሰጥ፣ አምፖል ስትሰጥ ነው ዕድሜዋን የገፋችው። ፀጉሩን ያበጠረ፣ ከረባቱን ያሰረ መምህር ሁሉ ዝቅ ብሎ በዚያች መስኮት አፉን እያስገባ «እትዬ፣ እንትን አለሽ?» ይላታል። አላት። እሷ ግን ማንንም «አለህ?» ብላ አታውቅም። አንድም ቀን። ጎረቤት ጨው የምትጠይቅ እንዳይመስላችሁ፤ ጨው አልቆባት ቢሆን አልጫውን «ዛሬ እንዲህ ነው ያማረኝ» ብላ ትበላዋለች።

ሻንጣ ስታዘጋጅ አይታችኋት ከሆነ፣ ስለ አየር ጠባይ አይደለም የምታስበው፤ ስለ ሰው ጠባይ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ዓይኗን ጨፍና እያንዳንዳችንን በየተራ መከራ ውስጥ ትከተናለች። ባለቤቴን ዝናብ ላይ ታስቀምጣታለች፤ ጃንጥላ ይገባል። ትንሿን እህታቸውን ራሷን ታሳምማታለች፤ ክኒን ይገባል። እኔን ምን እንደምታደርገኝ እንጃ፤ ብቻ ስታስብ ቆይታ ሁልጊዜ «ውይ ይሄ ልጅ» ብላ ትስቅና አንድ ነገር ትጨምራለች። ካውያ፣ ሻማ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ መፍቻ ለቆርቆሮ መክፈቻው። ሻንጣዋ አራት ጎማ ነበራት፤ ሁለቱ ጡረታ ወጥተዋል። ዚፑ ከሞተ ቆይቷል፤ የምትታሰረው በገመድ ነው። የአውቶቡስ ረዳት ወደ ጣሪያ ሊያወጣት ሞክሮ ወገቡን ይዞ፣ «እናቴ፣ ቤት እየቀየሩ ነው?» ሲላት፣ «ኧረ እሁድ እመለሳለሁ ልጄ» አለችና ለወገቡ የሚሆን ቅባት አውጥታ ሰጠችው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ የቀላል ጉዞ ሊቅ ነኝ። ደንበኛ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ «ለቅዳሜና እሁድ ወጣ ልል ነው» ካለኝ አለቀለት፤ ጸጉሩ እስኪያልቅ እሰብከዋለሁ። «ወንድሜ፣ ሰው ሲወለድ ሻንጣ ይዞ አልመጣም። አንድ ሸሚዝ፣ አንድ የጥርስ ብሩሽ፣ በፌስታል! በቃ!» እለዋለሁ። እኔም እንዲሁ ነው የምሄደው፤ ፌስታሌን በአንድ ጣቴ አንጠልጥዬ፣ እያፏጨሁ። ብሩሹን እይዛለሁ፤ የጥርስ ሳሙናውን እትዬ። ሸሚዙን እይዛለሁ፤ ካውያውን እትዬ። አንዴ ብሩሹንም ረስቼው ነበር። ገና «እትዬ…» ከማለቴ፣ አዲስ፣ ከነማሸጊያው፣ «ያንተ ነው» ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። እኔም ጥርሴን እየቦረሽኩ፣ አረፋው አፌን ሞልቶት፣ ሻንጣ ስለሚያበዙ ሰዎች ቀለድኩ።

ታዲያ ትንሿ እጮኛ አገኘች። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራ አለው፣ ጸጉሩም እጅ ላይ ይመቻል። ችግሩ እናቱ ናቸው። ጡረታ የወጡ ዋና ነርስ ናቸው፤ የሚኖሩበት ከተማ በሙሉ «ሲስተር» ነው የሚላቸው። ቤተሰብ ከቤተሰብ ይተዋወቅ ብለው ከዓርብ ማታ እስከ እሁድ እቤታቸው እንድናድር ጠሩን። ትንሿ ይህን በሰማች ማግስት ሳሎናችን ሰብስባን ቆማ ተናገረች።

«ስሙኝ። ሲስተር የዋዛ ሴት አይደሉም። የትልቁን ልጃቸውን እጮኛ፣ ጫማዋን በር ላይ ስታወልቅ አይተው ነው አሉ ‹ነገሩ ትንሽ ይቆይ› ያሉት። ይኸው እስከዛሬ እንደቆየ ነው።»

«ጫማዋ ምን ሆኖ?» አለች ባለቤቴ።

«እሱን ነዋ እስካሁን ማንም ያላወቀው! ስለዚህ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ያ ሻንጣ ከዚህ ከተማ አይወጣም።»

የማን ሻንጣ እንደሆነ አልተናገረችም። ሁላችንም ወደ አንድ ሰው ዞርን።

«ሁለተኛ፣ እዚያ ቤት ማንም ምንም እንዳይጠይቅ። ውሃ እንኳ! እንካችሁ ሲሉን ደግሞ ‹ኧረ ምንም አልጎደለንም› ነው መልሱ። የተቸገርን እንዳንመስል። በሞቴ።»

«ምናልባትስ…» አለች እትዬ።

«ምናልባት የለም!» አልኳት እኔ፣ ሊቁ። ብድግ ብዬም ስለ ቀላል ጉዞ አጭር ንግግር አደረግሁ፤ ባለቤቴ አጭር አልነበረም ትላለች። እትዬ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ሻንጣ፣ ጥለውት ሊሄዱ ያሉትን ውሻ እንደሚያዩት አየቻትና «እሺ፤ እናንተ ካላችሁ» አለች።

ዓርብ ዕለት መናኸሪያ መጣች። ትከሻዋ ላይ ሁለት መዳፍ የምታህል ቦርሳ ተንጠልጥላለች። ሌላ ምንም የለም። አጨበጨብኩላት። «እንዲህ ነው እንጂ! ወጣት መሰልሽ!» አልኳት። ትንሿ ሳመቻት። ሦስታችንም ደስ ብሎን ተሳፈርን፤ የየራሳችንን ዕቃ ደግሞ ልክ እንደወትሮው ነበር ያዘጋጀነው። ልብ አላላችሁ ከሆነ ልድገመው፤ ልክ እንደወትሮው። ሻንጣዋን ስንከለክል፣ በሻንጣዋ ውስጥ የሚመጣልንን እየጠበቅን ነው።

ሲስተር ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጸጉራቸው ጥጥ የመሰለ ሴት ናቸው። ሰላምታቸው ራሱ ትኩሳት የሚለኩ ይመስላል። ከግቢው በስተጀርባ ሁለት ክፍል አሰናድተውልን በሩ ላይ ቆመው ጠየቁን፤

«ብርድ ልብስ ልጨምር? ሌሊት ይበርዳል።»

«ኧረ ምንም አልጎደለንም!» አልን በአንድ ድምፅ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጆች።

«ፎጣስ?»

«ኧረ ምንም!»

«የሞቀ ውሃ? ሻይ? እህ?»

«ምንም፣ ምንም!»

ከንፈራቸው እንደተተኮሰ አንሶላ አንድ ጊዜ ታጠፈ። «እንግዲያ ደህና እደሩ» ብለው ሄዱ።

በሩ እንደተዘጋ ባለቤቴ ቦርሳችንን በረበረችና «ፎጣውን የት አደረግከው?» አለችኝ። እኔ ወደ እትዬ ዞርኩ። ትንሿ የጥርስ ሳሙና ፈልጋ ከወዲያኛው ክፍል መጣችና እሷም ወደ እትዬ ዞረች። የእኔ ስልክ ባትሪው ሊያልቅ ነበር፤ በቅዳሜው ምሳ ላይ ቤተሰቡን ወክዬ የማደርገው ንግግር ያለው እሱ ውስጥ ነው፤ ቻርጀሩ ደግሞ ሁልጊዜ የሚኖረው… ሁላችንም አየናት። እትዬ ቦርሳዋን ከፈተችና አሳየችን። መነጽር። ማበጠሪያ። ቦታ ስለተረፈ ወዲያ ወዲህ የሚንከባለል አንድ ቁልፍ።

«ቀለል ብዬ ነው የመጣሁት» አለች።

ተንኮል የለባትም። ተንኮል ቢኖርባት እኮ በተገላገልኩ ነበር። ጫማዋን አወለቀችና ከሁላችንም ቀድማ ተኛች። እኛ ግን ስንንቀጠቀጥ አደርን። ባለቤቴ እግሯን በኔ ሸሚዝ ጠቀለለች። እኔ የነገውን ኮቴን ለብሼ ተኛሁ። ጠዋት ፊታችንን ታጥበን በመጋረጃው ነው ያደረቅነው፤ በየተራ፣ በመልክ በመልኩ፣ እንዳይታወቅ ከውስጥ በኩል።

ገና ከክፍላችን ሳንወጣ ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ።

«እማዬ ተቀይማለች» አላት ትንሿን።

«ምን አደረግን?»

«ምንም! እሱ ነው የከፋው። ‹ብርድ ልብሴ ተናቀ? ፎጣዬ ያሳክካል? ከኔ ቤት ምንም የማያስፈልጋቸው ሰዎች ልጄን ለምን ፈለጉት?› ስትል ነው ያደረችው። ምሳ ላይ ‹ነገሩ ትንሽ ይቆይ› ልትል ነው። አውቃታለሁ፤ ስትንጎራደድ እንደሱ ነው።»

እሱ ወንበር ሊደረድር ሄደ። ትንሿ አልጋው ላይ ተቀመጠችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያን ጊዜ እኔ የቤተሰቡ አንደበት ብድግ አልኩ። «አይዞሽ፤ ለኔ ተይው። በንግግሬ አቀልጣቸዋለሁ» አልኩና፣ ቃሉ እንዲከብድ ይሁን አላውቅም፣ የጫማዬን ማሰሪያ ላጠብቅ ጎንበስ አልኩ።

የሱሪዬ መቀመጫ ተሰነጠቀ። ተቀደደ ማለት ማቃለል ነው። ከቀበቶዬ ጀምሮ እንደ ሐብሐብ ነው የተከፈተው፤ ድምፁ ግቢው ውስጥ ያሉ ወፎችን አስነሳ። ሌላ ሱሪ? ሌላ ሱሪ የሚይዝ ሻንጣ የሚያበዛ ሰው ነው።

«እትዬ፣ መርፌ አለሽ?» አልን ሦስታችንም፣ ከልምድ።

«ሻንጣው ውስጥ አለ።»

«ሻንጣው የታለ?»

«ቤት።»

«ለሲስተር እንዳትነግሩ!» አለች ትንሿ በለቅሶ መሀል። ባለቤቴ ኮቴን እንደ ተማሪ ወገቤ ላይ እንዳስር ሐሳብ አቀረበች። እኔ ከግድግዳ ሳልለይ ወደ ምሳው ቤት መድረስ ይቻል እንደሆነ መንገዱን በዓይኔ መለካት ጀመርኩ። አይቻልም፤ መሀል ላይ አበባ አለ።

እትዬ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ መልሳ አስተካከለች፣ ወጣች።

ያቺን ሴት ያን ሻንጣ ብቻዋን ደረጃ ስታወጣ አይቻታለሁ፤ ትንፋሿ ቁርጥ አላለም። ያን ቀን ግን ባዶ እጇን ያቺን ትንሽ ግቢ ስታቋርጥ በተከፈተው መስኮት አየናት፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ማድ ቤቱ በር ላይ ደርሳ እጇን አነሳች፣ አወረደች። ዞራ ወደኛ አየች። እንዳትመለስ ፈራሁ፤ ብትመለስ ደግሞ እንደማልፈርድባት አወቅሁ። አንኳኳች።

«ሲስተር…»

«አቤት?»

«መርፌ… ካለዎት።»

አዲስ ቋንቋ የሚሞክር ሰው ነው የመሰለችው።

«መርፌ? ለምን?»

«የእህቴ ባል ሱሪው ተቀዶበት።»

«የቱ ጋ?»

እትዬ ትንሽ አሰበች። «ሲቀመጥ የማይታየው ጋ።»

የሲስተር ከንፈር ጫፉ ላይ ተንቀሳቀሰ። «እሺ። ብርድ ልብሱስ በቃችሁ?»

«ኧረ ስንንቀጠቀጥ ነው ያደርነው።»

«ፎጣስ?»

«በመጋረጃዎ ነው ፊታችንን የጠረግነው። ይቅርታ ያድርጉልን።»

«ኧረ በስመአብ! ምነው ታዲያ ስጠይቃችሁ?»

«እንዳንቀበል ተከልክለን ነው።»

«ማነው የከለከላችሁ?»

«እርስዎን አስቀይማለሁ ብላ የፈራች አንዲት ልጅ» አለች እትዬ።

 እኛ ጋ ትንሿ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።  ሲስተር ጎንበስ ብለው አንድ መሳቢያ ሳቡ። በኋላ እንዳየሁት፣ ምን ዓይነት መሳቢያ መሰላችሁ! መርፌ በየቁመቱ፣ ቁልፍ በየቀለሙ፣ ሻማ፣ ገመድ፣ ፋሻ፣ የባትሪ ድንጋይ። እትዬ ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ እንዳገኘ ሰው አንገቷን አስግጋ አየች።

«ይሄ ፉጨት ደግሞ ለምንድነው?» ስትል ሰማናት።

«እንጃ። ምናልባት ሰው ቢጠፋስ?» አሉ ሲስተር።

ባለቤቴ ቆነጠጠችኝ።

ሁለቱም ተከታትለው ገቡና ሲስተር ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ። «አውልቅ።» ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። «ልጄ፣ በሥራ ዘመኔ ያላየሁት መቀመጫ የለም። አውልቅ፤ ምሳ ይቀዘቅዛል።» አንሶላ ተጠቅልዬ ጥግ ላይ ቁጭ አልኩ። ጥቁር ክር አልቆ የተረፈው ቀይ ነበር። እሳቸው ከላይ፣ እትዬ ከታች ጀመሩ። ስለኔ የሚያወሩት እኔ እዚያው እንደሌለሁ ነው። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» «ቂጡ አይደለም ችግሩ፣ ችኮላው ነው።» «ወፍራም ጨርቅ ይግዛ።» «ይገዛል እንዴ!» ስፌቱ መሀል ላይ ሲገናኙ እኔ ክብሬን ጨርሻለሁ፤ እነሱ ደግሞ አንቱታውን ጨርሰው «አንቺ» ተባብለዋል።

ምሳው ላይ የወዲያኛው ወገን ሽማግሌ አሮጊቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ስልኬ ሞቷል። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ተነሳሁና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «የተከበራችሁ…»

«ቆይ» አሉ ሲስተር። «መጀመሪያ ዞር በልማ፣ ሥራችንን ይዩልን።»

ምን አደርጋለሁ፤ ዞርኩ። በጥቁር ሱሪዬ ላይ ያ ቀይ ስፌት እንደ አውራ ጎዳና ተዘርግቷል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንድ አዛውንት ሳል ይዟቸው ውሃ ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ንግግር የሚሰማኝ ቢኖር የሚናገር አልነበረም፤ ተቀመጥኩ። ሳቁ በረድ ሲል ሲስተር ተነሱ። ልጁ ዓይኑን ጨፈነ። ትንሿ የጠረጴዛ ልብሱን ጨበጠች።

«አንቺ ልጅ» አሏት። «ነይ ተነሺ። ብርድ ልብስ የት እንደማስቀምጥ ላሳይሽ። ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ ሲመጣ የምታወጪው አንቺ ነሽ።»

ይኸው ነው ያሉት። ትንሿ ከኋላቸው ስትሄድ ወንበሩን ገልብጣው ሄደች።

ያን ማታ በሁለት ብርድ ልብስ ሥር ተኝቼ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። አልበረደኝም። የዚያች ሻንጣ ገመድ ሲፈታ የሚሰማው ኮሽታ ናፈቀኝ፤ ቀጥሎም ያ «ውይ ይሄ ልጅ» የሚለው ሳቅ። ለካ እትዬ ዓይኗን ጨፍና ስታስበኝ የምታየው ይህንኑ ሱሪ ነበር፤ ስንት ጉዞ ሙሉ መርፌና ጥቁር ክር ይዛልኝ ስትዞር፣ እኔ ቀላል ተጓዥ የሆንኩ መስሎኝ ሳፏጭ።

እሁድ ስንመለስ ሲስተር የጫኑብንን ዕቃ አልነግራችሁም። ብርድ ልብሱ እኔ ጭን ላይ፣ ማሰሮና ጠርሙሱ ባለቤቴ ጭን ላይ፣ አንድ የሚፈስ ነገር ትንሿ እግር ሥር። እትዬ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች፣ እጆቿ ባዶ፣ ፊቷ ፈክቶ። ሚኒባሱ ገና ከከተማው ሳይወጣ ከፊቷ የተቀመጠውን የማታውቀውን ሰው ትከሻውን ነካ አደረገችው።

«ወንድሜ፣ ማስቲካ አለህ?»

ነበረው። ጣፈጣት። ቀጥላ ከኋላ ያለችውን ልጅ ጋዜጣ ጠየቀች፤ ነበራት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «መሀረብ አለህ?» የለኝም። «ውሃስ?» የለኝም። «ምንም የለህም እንዴ?» ብላ በሐዘኔታ አየችኝና ማስቲካዋን እያኘከች ዛፉን ስታይ ቆየች።

«ሲስተር በሚመጣው ወር ደግሞ ኑ ብላለች» አለች በመጨረሻ። «እኔ እንግዲህ ይቺን ቦርሳዬን ብቻ ይዤ ነው የምመጣው፤ ለካ እንዴት ደስ ይላል! ካውያውን፣ ፎጣውን፣ ክኒኑን፣ ሌላ ሌላውን እናንተ ትይዙት የለ?»